ክብ ካርታ

ካርታዎቹ ክብ ናቸው። ከመዳፌ ስለሚሰፉ ይዤ ልበውዛቸው ስል እያመለጡኝ ምንጣፉ ላይ ይበተናሉ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ እዘረጋቸውና እንደሚታጠብ ቡና በሁለት እጄ አሻቸዋለሁ፤ ከዚያ አንዷን አወጣለሁ።

ማዘርፒስ ታሮት ይባላሉ። አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት ትልቅ ሴት ጡረታ ስትወጣ ከነመጽሐፋቸው ሰጠችኝ። ካርታዎቹን ቪኪ ኖብልና ካረን ቮገል የተባሉ ሁለት ሴቶች እኔ ከምኖርበት ከኦክላንድ አጠገብ፣ በርክሌይ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምረው በ1981 አሳተሟቸው። መጽሐፉን ኖብል በ1983 አወጣችው።

ይህን ስታነቡ ብዙዎቻችሁ እንደምትደነግጡ አውቃለሁ። እኔም ያደግሁት የጠንቋይ ደጅ የረገጠ ሰው እቤቷ እንዳይደርስ በምትከለክል እናት እጅ ነው። ካርታውን «ነገ ምን ይገጥመኛል?» ብዬ አልጠይቀውም። ቅዳሜ ማታ አንድ አወጣለሁ፤ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየዋለሁ፤ ያየሁትን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። መጽሐፉን የምገልጠው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉን ባስቀደምኩ ቀን የራሴ ዓይን ምንም አያይም።

ታሮት መጀመሪያ የመጫወቻ ካርታ ነበር፤ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው በ1909 ለንደን የወጣው ነው። 78ቱንም ሥዕሎች የሳለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ካርታው ግን ለብዙ ዓመታት ሲጠራ የኖረው በአሳታሚው በራይደርና ሥራውን ባዘዛት በዌይት ስም ነው። ለዚያ ሁሉ ድካም ያገኘችው ገንዘብ እጅግ ትንሽ እንደነበር ራሷ ለወዳጇ ጽፋለች። በ1951 ኮርንዎል ውስጥ በድህነት ሞተች። እኔን ከዚህ ነገር ጋር ያቆራኘኝ የሷ ታሪክ ነው። ካርታዋ ከወጣ ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ሁለት ሴቶች ራሳቸው አስበው፣ ራሳቸው ስለው፣ በገዛ ስማቸው ማውጣታቸውን ቀላል አድርጌ ማየት አልችልም።

ብዙ ነገር ቀይረዋል። በለንደኑ ካርታ 9ኛው ላይ ፋኖስ የያዘ መናኝ ሽማግሌ አለ፤ እዚህ በሱ ቦታ ባልቴት ቆማለች። የባልቴቷ የእንግሊዝኛ መጠሪያ መሰደቢያ ቃል ነበር፤ እነሱ ማዕረግ አደረጉት። እኛስ ወሬ ስናጣጥል «የአሮጊት ተረት» አይደል የምንለው?

ከመጽሐፉ ጋር የምከራከርበት ጊዜም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የተባለው ካርታ የወጣ ቀን መጽሐፉን ስገልጥ የሚያወራው ስለ አባታዊ ሥርዓት፣ ስለ ገዢነት ነው። እኔ ደግሞ ቀድሜ የጻፍኩት ስለ አባቴ ነበር፤ «ሴት ልጅ ተምራ የት ልትደርስ?» እያሉት በጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ትምህርት ቤት ደጅ ድረስ ይሸኘኝ ስለነበረው ሰው። ተናድጄ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሌሊት ነው ነገሩ የገባኝ፤ አባቴ ይሸኘኝ የነበረው ጠለፋ ፈርቶ ነበር። እሱ ደግ ነው፤ መንገዱ ደግ አልነበረም። ጠዋት ተነሥቼ ይህንን በኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።

ሌላው ቅሬታዬ እንዲህ በቀላሉ አልተፈታም። በትር በተባለው ምድብ ያሉት ካርታዎች ከአፍሪካ በተወሰዱ ምስሎች የተሞሉ ናቸው፤ አህጉሩ ሁሉ እሳትና ጭፈራ፣ አንድ ጥንታዊ መንደር መስሎ ይታየኛል። ሴቶች የከበሩበት፣ እንስት አማልክት የሚመለኩበት ሰላማዊ የጥንት ዘመን እንደነበረም መጽሐፉ እንደ ታሪክ ይተርካል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ማሪያ ጊምቡታስ እንዲህ ያለ ሐሳብ ነበራት፤ ብዙ ምሁራን ግን ማስረጃው ይህን አይሸከምም ይላሉ። እኔ እንደ ናፍቆት ነው የማነበው። ናፍቆታቸውን እጋራለሁ።

እኛ ዘንድም የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ። አውደ ነገሥት በተባለው መጽሐፍ ኮከብ ሲቆጠር የሰውየው ስም የፊደላት ቁጥር ከእናቱ ስም ጋር ተደምሮ በ12 ይገደፋል። ዕድሜውን ሙሉ በአባቱ ስም የሚጠራ ሰው ለዚህ ለዚህ ሲሆን የእናቱን ስም ይጠየቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ባልቴቷ ወጣች። ደብተሬ ላይ የአያቴን፣ የእናቴን እናት ስም ጻፍኩ። ከሥሩ የእናቷን ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። የአባቴን ወገን እስከ ሰባት ትውልድ በቃሌ እወጣዋለሁ። የአያቴን እናት ስም ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ለእናቴ ደወልኩላት። ካርታውን አልደበቅኋትም፤ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች መሰለኝ፣ ዝም አለች። ከዚያ ስሙን ነገረችኝ። ድምጿ ተለውጦ ነበር። እንድትደግምልኝ ለመንኳት፤ ፊደል በፊደል ጻፍኩት።

«የሷስ እናት?» አልኳት።

«እሷን እኔም አልሰማሁ፣ ልጄ።»