ከታረደ መኪና የሚገኝ ሲሳይ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በደስታ ሲሰክር ካየሁባቸው ቦታዎች አንደኛው የመርካቶው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ሠርግ ቤትም አይቻለሁ፣ ስታዲየምም አይቻለሁ። የአሮጌ ላንድክሩዘር ባለቤት ግን ሲፈልጋት የከረመችውን ዕቃ ከብረት ክምር ውስጥ መዝዞ ሲያወጣ የሚሆነውን መሆን ሌላ የትም አላየሁም። አባቴ እንዲያ ሲሆን አይቻለሁ። እኔም እስከ ዛሬ እሆናለሁ፤ ልጄም ጀምሯታል!

የቤታችን መኪና ኤችጄ 60 ናት። ቶዮታ ይህን ላንድክሩዘር መሥራት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ነው። ሞተሯ 2ኤች ይባላል፤ በአንድ ረድፍ የቆሙ 6 ሲሊንደሮች፣ 3,980 ሲሲ፣ ተርቦ የለ፣ ኮምፒዩተር የለ፣ ናፍጣና አየር ብቻ። በ1977ቱ ድርቅ ለዕርዳታ ሥራ ከመጡት መኪኖች አንዷ ነበረች። አባቴ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጨረታ ገዛት። ስፖርቴሎዋ ላይ የዕርዳታ ሥራው ምልክት የተላጠበት ቦታ ከሌላው ቀለም ነጣ ብሎ ይታይ ነበር። የእህል ካሚዮን እየመራች ጣርማ በርን ስትወጣና ስትወርድ እንደኖረች የሸጡለት ሰዎች ነግረውታል፤ እሱም ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሳይተርክ ቡና አይጠጣም። እኔም አሁን ሳልተርክ አላለፍኩም።

አባቴ ከደብረ ብርሃን ባቄላና ድንች ያመላልስባት ነበር። ናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን ጨቁኖ ያግለዋል፣ የተረጨው ናፍጣ በዚያ ግለት ይቀጣጠላል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳር ማለዳ እዚያ አየሩ ስስ፣ ብረቱም ውርጭ የጠጣ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲሊንደር አስቀድማ የምታሞቀው ትንሽ የማሞቂያ ካንዴላ አለችው። ከስድስቱ ሁለቱ ከተቃጠሉ ሞተሩ ጎዶሎ ይነሳል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል፣ ዶሮዎች ይበተናሉ። አባቴ መሪዋን ጨብጦ «በርቺ! በርቺ እንጂ የኔ ልጅ!» ይላታል። ስድስቱም ገጥመው ያን ወፍራም ድምፅ ሲያወጡ ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል። እናቴ ከማጀት «እሰይ!» ስትል ይሰማኛል። ያን ድምፅ ዛሬም በስልኬ ቀድቼ ይዤዋለሁ።

እንግዲህ ያቺ የተቃጠለች ካንዴላ የት ትገኛለች? በዚያ ዘመን አዲስ ዕቃ ማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነበር። ወራት ይጠበቃል፣ ዋጋውም የባቄላውን ትርፍ ጠራርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ «ተነስ፣ ተራ እንውረድ!» እባላለሁ። እንቅልፍ የት አለ! ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ።

ግራና ቀኙ ፓራፋንጎ የተደረደረበት፣ ማርሚታ ከላይ የተንጠለጠለበት፣ መሬቱ በዘይት የጠቆረበት ጎዳና ነበር፤ ነውም። ከሱቆቹ ጀርባ መኪና አራጆቹ አሉ። የተገለበጠ፣ የተቃጠለ፣ ከአገልግሎት ውጭ ተብሎ በጨረታ የተሸጠ ሁሉ እነሱ እጅ ይወድቃል። እርዱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ኮፋኖውና በሮቹ፣ መብራቱና መስታወቱ ይነሳሉ። ቀጥሎ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ ራዲያተሩ ይወጣል። ከዚያ ሞተሩ በሰንሰለት ይነሳና ከካምቢዮው ተላቆ መሬት ላይ ይቀመጣል። ዲፈረንሺያሉና ባሌስትራው ይከተላሉ። በመጨረሻ ባዶው ሻንሲ በኦክስጅን ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ከአንድ መኪና ሬሳ የስንቱ መኪና ዕድሜ ይቀጠላል! እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነኝ፤ ኪያቬ ይዤ ከሻንሲ ሥር ስገባ ዓለም በሙሉ የኔ ነበረች። ቡሎኑ አልላቀቅ ሲል ናፍጣ አፍስሶ መጠበቅ፣ በመዶሻ ቀስ ብሎ መነካካት፣ እንደገና መሞከር። «ቀጭ» ብሎ ሲላቀቅ የሚሰማውን ደስታ ያላየ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው?

የመካኒካችን ትምህርት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ጋሼ እንላቸው ነበር። ያገለገለ ዕቃ በዓይን አይገዛም ባይ ናቸው። ሞተሪኖ ከሆነ መሬት ላይ ያስተኙታል፣ በጫማቸው ይረግጡታል፣ ከባትሪ ገመድ ያገናኙታል። ሳያጉረመርም ተወርውሮ ከዞረ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የማሞቂያ ካንዴላ ከሆነች በፒንሳ ይዘው ባትሪ ላይ ያስነኳታል። ጫፏ ቶሎ ፍም ከመሰለች ታልፋለች፣ ካመነታች ትመለሳለች። በዚህ ላይ ቮልቱን ማየት አለ። ላንድክሩዘር በ12ም በ24ም ቮልት ተሠርቷል፤ የ24ቱን ካንዴላ በ12 ባትሪ ብትሞክራት ጤነኛዋም ቢሆን ትለግማለች። ስለዚህ ጋሼ ዕቃውን ከማየታቸው በፊት የታረደችውን መኪና የብረት ሰሌዳ ያነባሉ፤ የሞዴሉ ስም፣ የሻንሲው ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፏል። ሻጩ «ያው ናት ጋሼ፣ ትሆናለች» ሲላቸው «ሰሌዳዋን አምጣ» ይሉታል።

ቴስታታ ሲገዛ ደግሞ ሌላ በዓል ነው። 2ኤች በሙቀት ከተጎዳ በቫልቮቹ መካከል የመሰንጠቅ ልማድ አለው። ጋሼ ቴስታታውን አጥበው ያደርቁታል፣ ላምባ ይቀቡታል፣ ከዚያ በጨርቅ ይጠርጉትና ቁጭ ብለው ሲጋራቸውን ያጨሳሉ። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ላምባ መልሶ ያልበዋል፤ ፀጉር የምታህል እርጥብ መስመር ብቅ ትላለች። እኛ በጉልበታችን ተንበርክከን እናፈጣለን። ሻጩም ያፈጣል፣ የጎረቤት ሻጮችም ይሰበሰባሉ። ደርቆ ከቀረ ጭብጨባ ነው! ከዚያ ተሸክመን ወደ ቶርኖ ቤት፣ ፊቱን ለማስተካከል። ይህን ሁሉ ያወቁት ማንም ሳያስተምራቸው፣ በእጃቸው ነው። ስለ እሳቸው ዓይነት ሰዎች መጽሐፍ ባለመጻፉ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

የምሥራቹ ግን የኮስተሩ ነው። አንድ ቅዳሜ ስንፈልግ ውለን ላንድክሩዘር የሚባል ሬሳ አጣን። አባቴ ፊቱ ጠቁሯል። ጋሼ አንድ የታረደ ኮስተር አውቶቡስ ሥር ገብተው ቆዩና ፊታቸው በዘይት ተለቅልቆ ወጡ፤ «ልጄ፣ ና እይ!» አሉኝ። 2ኤች! ያው ስድስት ሲሊንደር፣ ያው ሞተር፣ ሕዝብ ሲያመላልስ የኖረ። ቶዮታ አንዱን ሞተር ለላንድክሩዘርም ለኮስተርም ይሰጠው ነበርና ለኛ አዲስ የዕቃ በር ተከፈተልን። ሌላው ላንድክሩዘር ፈላጊ ያንን ኮስተር ዞር ብሎ ሳያየው ስንትና ስንት ጊዜ አልፏል። እኛ ግን የውሃ ፖምፓውን፣ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን፣ ስድስቱን የናፍጣ መርጫዎች ይዘን ወጣን። አባቴ ድርድሩን ረስቶ የተጠራለትን ዋጋ ከፈለ፤ ከደስታው ብዛት። ሻጩም ደንግጦ ራንዴላና ዳዶ በቆርቆሮ ሞልቶ መረቀን። ሃይሉክስና ሃያስ ሚኒባስም እንዲሁ 2ኤል የሚባለውን ሞተር ይጋራሉ፤ ይህን ያወቀ የሃይሉክስ ባለቤት በታክሲ በተሞላ ከተማ ዕቃ አጣሁ አይልም።

ስለ ማጥፊያዋም ሳልነግራችሁ አላልፍም። በዚህ ሞተር ቁልፉ ሲዘጋ በቀጭን ዘንግ ፖምፓውን ጎትታ ናፍጣ የምታቋርጥ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለች። እሷ ስትሞት ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ብትከቱም መኪናው መሥራቱን ይቀጥላል። አባቴ አራተኛ ማርሽ ያስገባል፣ ፍሬን ይረግጣል፣ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ መኪናዋ ጎንበስ ብላ ጸጥ ትላለች። ልቅሶ ቤት በር ላይ እንኳ ይህን ያደርጋል። ያቺን ዕቃ ለማግኘት ተራውን ስናስስ ከረምን። በመጨረሻ ደሴ መንገድ ላይ ከተገለበጠች አንዲት ላንድክሩዘር ላይ ተገኘች። በማግስቱ አባቴ ግቢ ውስጥ ቁልፉን ይከፍታል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ይዘጋል፣ ጸጥ ይላል፤ ደግሞ ይከፍታል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ። እናቴ ቡና አፈላች።

ሶማሌ ተራ ስሙን የሚያጎድፍ ነገር አለው፤ ማታ ከመኪናህ የተነቀለ ስፖኪዮ ጠዋት እዚያ ተሰቅሎ ታየ ይባላል። ሌብነቱ የሚያንገበግበኝ ያን ስም ለታማኞቹ ስለሚያለብስ ነው። አባቴ ዕቃው ከማን እንደተገዛ፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ከማይነግረው ሻጭ ጋር አይቀመጥም ነበር። ሬሳውን የሚያሳይ ሻጭ ሞልቷል፤ ዕቃን ከነመኪናው አይቶ እንደ መግዛት ያለ ነገር የለም።

ዛሬስ? ዛሬ ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድማ ታርድልኛለች! በቴሌግራም የዕቃውን ፎቶ ትለቃለች፤ ቡናዬን ሳልጨርስ ከተራ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ ፎቶ ይጎርፋል። «አባዬ፣ ይቺ ጥርሷ ተበልቷል፣ ይቺን ተዋት፤ ይቺኛዋ ንጹሕ ናት» ትለኛለች፤ ፎቶውን በጣቶቿ ከፍታ እያጎላች። የጋሼ ዓይን በሷ ላይ አድሯል ብል ማጋነን አይደለም። ዕቃውም የሚመጣው ካገር ቤት ሬሳ ብቻ አይደለም። ያገለገለ መለዋወጫ ተራራ የሚያህልባት ሻርጃ አለች፤ ከዚያ የጃፓን ሞተር ከነካምቢዮው፣ አንዳንዴም መኪናው ከወገቡ ተቆርጦ ግማሹ በኮንቴይነር ይገባል። የፊቱ ክፍል በሙሉ በአንድ ዋጋ! አባቴ ይህን ቢያይ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

ሕጉም ዘመኑን ለውጦታል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው፤ ለትልልቅ ሞተርና ለረጅም ዕድሜ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ቀጥሎ በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ፤ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ሰዎች ይህን ሰምተው «በቃ፣ ናፍጣህን ሽጠህ ተገላገል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ተገላቢጦሹን አየሁ። አዲስ ናፍጣ መኪና ካልገባ ያሉት ይከበራሉ፤ ያሉትን የሚያኖሩት ደግሞ አራጁ፣ ቶርኖ ቤቱና ልጄ ናቸው። ኤሌክትሪኩንም ደስ ብሎኝ ነው የማየው። ከጎናችን ሲያልፍ አይሰማም፣ አያጨስም፤ እሱም አንድ ቀን ይታረዳል፣ ባትሪውንና ሞተሩን ረግጦ የሚሞክር አዲስ ጋሼም ይነሣል። ያን ቀን ለማየት ጓጉቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለባቸው፣ ጎማቸው የተነፈሰ፣ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅባቸው ተሽከርካሪዎች አሉ። የመዝገብ ጉዳይ ሳያልቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ ገመዳቸውን አይጥ ይበላዋል፣ ሞተራቸው ውስጥ ውሃ ይገባል። በጊዜው ለጨረታ ቢወጡ የስንት ገበሬ ፒክአፕ፣ የስንት ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ይነሣባቸው ነበር! ፊታቸው ላይ ቆሜ አጥር አላስገባ ሲለኝ፣ በኮፋኖው ሥር ያለው 1ኤችዜድ ሞተር ይታየኛል፤ 4,164 ሲሲ፣ ዕድሜ ጠገብ የላንድክሩዘር ሞተር። ቺንጋውን በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ብትቀይርለት ሌላ አይጠይቅህም። ይህን ብረት እንዲዝግ መተው ምን የሚሉት ንፉግነት ነው?

አሁን የምንፈልገው የግራ በሩን መስታወት ማንሻ ነው። ትናንት ማታ አንድ ልጅ ከተራ ፎቶ ላከ። ጥርሶቹ ሙሉ ናቸው፣ ዝገት የለውም፣ በሩ ራሱ ከነመኪናው እዚያ ቆሟል አለ። ልጄ ኪያቬውን፣ ካቻቪቴውንና የድሮውን የጋሼን ፒንሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታለች። እኔ ገና ጫማ እየፈለግኩ ነው፤ እሷ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስታ ክላክስ እየነፋችብኝ ነው፦ «አባዬ፣ ሰው ሳይቀድመን!»