መቂ ለምትሄጂው ልጄ



የመምህርነት ምደባሽ መቂ መሆኑን ከሰማሁ ጀምሮ በልቤ የሚመላለስ ነገር አለ። እናትሽ ስለ ብርድ ልብሱና ስለ ምጣዱ ነግራሻለች፤ እኔ ስለ ጥርስሽና ስለምትጠጪው ውሃ ልምከርሽ።

የተወለድሽው ወንጂ ካምፕ ነው። ጥርስሽ የበለዘው ስላልታጠበ አይደለም፤ ይህን ማንም ቢልሽ አትቀበይ። ወንጂም መቂም ያሉበት የስምጥ ሸለቆ መሬት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ውሃ እዚያ ድንጋይ ውስጥ ሲቆይና ሲሞቅ ፍሎራይድ የሚባለውን ማዕድን እያሟሟ ይወጣል። ካልሲየም ቢበዛበት አስሮ ያስቀረው ነበር፤ የእኛ አካባቢ ጉድጓድ ግን ካልሲየሙ ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለፉ ነበሩ። የሆላንዶቹ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ወንጂ ላይ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ ያንን ውሃ ለረጅም ዘመን ጠጥቷል። የልጆቹ ጥርስ በለዘ፤ ከአባቶችም አከርካሪያቸው ደርቆ አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸው ነበሩ። አሁን አዳማ የምንጠጣው ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣውን ነው።

ጥርስ የሚበልዘው ድድ ውስጥ ገና በሚሠራበት ጊዜ፣ እስከ ስምንት ዓመት ግድም ነው። አንዴ ከወጣ በኋላ ውሃ አያበልዘውም፤ መፋቅም አያነጣውም። ስለዚህ በከሰልና በአሸዋ እየፈገፈግሽ ሽፋኑን እንዳትጨርሺው። ለአጥንትሽ ስትይ ግን ውሃሽን ዛሬም ምረጪ። ቤት ከመከራየትሽ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ ፍሎራይዱ ጭራሽ ይበረታል። ቆርቆሮ ጣሪያ ካለሽ በክረምት የመጀመሪያውን ዝናብ አሳልፊና ንጹሑን ለመጠጥ አጠራቅሚ።

መቦርቦር ግን ሌላ ነው፤ እሱ የስኳር ሥራ ነው። ያሳደገሽ ደመወዝ ከሸንኮራ የመጣ ቢሆንም እውነቱን እነግርሻለሁ። ጥርስ ላይ ያሉት ተህዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ምራቅ ያንን እስኪያረግበው ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ብዛቱ ይጎዳል፣ መመላለሱ ደግሞ ይብሳል። በእረፍት ሰዓት ሻይ፣ ፈተና ስታርሚ ለስላሳ፣ መንገድ ላይ ከረሜላ ከሆነ ጥርስሽ ቀኑን ሙሉ ከአሲድ አያርፍም። ጣፋጭ ካማረሽ ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ውሰጂው። ቡናሽን ያለ ስኳር ልመጂ፤ ከሳምንታት በኋላ ያለ ስኳር ይጣፍጥሻል።

የወይራ መፋቂያሽን አትተዪ፤ ጫፉን አላምጠሽ እንደ ብሩሽ አድርጊው፣ ድድሽን አትውጊበት። የኋላ መንጋጋ ላይ ግን በደንብ ስለማይደርስ ማታ ብሩሽ ይኑርሽ። «ፍሎራይድ ጎድቶኛል» ብለሽ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና እንዳትሸሺ፤ ተፍተሽ የምትጥይው ነው፣ ከመቦርቦርም ይጠብቅሻል። ስትተኚ ምራቅ ስለሚቀንስ ከታጠብሽ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አትቅመሺ። ሳያምሽም ሐኪም ይይሽ፤ እኛ ዘንድ ሰው ጥርስ ሐኪም ጋ የሚሄደው ለማስነቀል ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ከተማሪዎችሽ መካከል ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ታገኛለሽ። በሰው ፊት ስለ ጥርሱ አታንሺበት። እናቱን ግን ለብቻዋ አነጋግሪያት፦ ለእሱ ጥርስ ውሃ መቀየር አይረዳውም፣ ለታናናሾቹ ግን ገና ጊዜ አለ። ጡት የሚጠባ ካለ እስከ ስድስት ወሩ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ በጡት ወተት የሚያልፈው ፍሎራይድ በጣም ጥቂት ነው። የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ አትበጥብጥለት። ከፍ ያሉት ወተት ካገኙ ይጠጡ፤ ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ሆዳቸው ውስጥ ያስርላቸዋል። ሻይ ግን አታብዛባቸው፤ ቅጠሉ ራሱ ፍሎራይድ አለበት።

አባትሽ
አዳማ