ቮልስዋገናችንና የራሊ ሕልሜ

አንባቢ ሆይ፤ ከደመወዝህ ጥቂት በጥቂት ቆጥበህ አንድ ቀን የራስህን አውቶሞቢል ለመንዳት የምታስብ ከሆንህ፥ ይህን ታሪኬን በትዕግሥት አንብበው። የምነግርህ ለመመጻደቅ አይደለም፤ ጥፋቴን ከነምክንያቱ ብገልጸው ላንተ ይጠቅምህ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ፥ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከብሎካችን በታች ከጎረቤቶቻችን አዳዲስ መኪናዎች መካከል የአባቴ አሮጌ ቮልስዋገን ቆማ ትታያለች። አባቴ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ መኪናዪቱንም ከሠላሳ ዓመት በላይ ነድተዋታል። የሰፈሩ ልጆች ግን «ኤሊ» ይሏታል።

ይህ ቀልድ ያናድደኝ ስለ ነበር፥ መልስ ፍለጋ ስለ መኪና ውድድር ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁትም እጅግ አኮራኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የዳግማዊት ኤልሳቤጥን የዘውድ በዓል ምክንያት በማድረግ በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ራሊ ተጀመረ፤ መንገዱም በኬንያ፥ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ያልፍ ነበር። በ1962 ቶሚ ፍያስታድና ጓደኛው ያሸነፉት በቮልስዋገን 1200 ነው፤ ይኸውም ሞተሩ 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው፥ አስተማሪውም ጸሐፊውም የሚነዳው ዓይነት መኪና ማለት ነው። የውድድሩን ክብደት ለመገመት ደግሞ፥ በሚቀጥለው ዓመት በ1963 ከተነሡት 84 መኪናዎች እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ መሆናቸውን ማወቅ ይበቃል።

ታዲያ ይህች ትንሽ መኪና እንዴት አሸነፈች? ሞተሯ ከኋላ፥ በሚነዱት ጎማዎች ዘንድ ስለ ተቀመጠ፥ ክብደቱ ጎማዎቹን ወደ ታች ይጫናቸዋል፤ ጭቃም ቶሎ አያስቀራትም። የምትቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ስለ ሆነ፥ የሚፈላና ድንጋይ የሚበሳው ራዲያተር የላትም። ሆዷም ዝርግ ስለ ሆነ በየጉብታው አትያዝም።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ፥ እውቀቴ ወደ ትዕቢት ተለወጠ። አንድ ቅዳሜ ዝናብ እንዳባራ አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ በኮረኮንቹ መንገድ ወጣሁ። ኩርባው ገና ከሩቅ ሲታይ፥ «ልጄ፥ ከመታጠፍህ በፊት ቀዝቀዝ አድርጋት» አሉኝ። እኔም «አባባ፥ ይህች እኮ የራሊ መኪና ናት!» ብዬ ሣቅሁና ነዳጁን ጨመርሁ። ኩርባው መካከል ስደርስ ግን ደነገጥሁ፤ እግሬንም ከነዳጁ ላይ በድንገት አነሣሁ። ወዲያው የመኪናዪቱ ጭራ ዞረ፤ እኛም ቦይ ውስጥ ገባን። እኔ አንዳች አልሆንሁም። የአባቴ ቀኝ ክንድ ግን ተሰበረ።

መኪናዪቱን የጠገነልን መካኒክ ነገሩን አስረዳኝ። በጥንቶቹ ቮልስዋገኖች ላይ የኋላው ዘንግ የሚታጠፈው በማርሽ ሳጥኑ አጠገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ኩርባ ውስጥ ነዳጁን በድንገት ስትለቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጭራዋ ይነሣል፤ በውጭ በኩል ያለው ጎማም ወደ ሆዷ ገብቶ መሬቱን መቆንጠጥ ያቅተዋል። ፍጥነት መቀነስ ያለበት ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ውስጥ አይደለም። አባቴ ያሉኝም ይህንኑ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኦስትሪያ ሳልዝቡርግ ያለው የፖርሽ ድርጅት 1302 ኤስ የተባለውን ቮልስዋገን ለራሊ ሲያዘጋጅ፥ 50 የፈረስ ጉልበት የነበረውን ሞተር ከ100 በላይ አድርሶታል። ነገር ግን ልብ በል፤ ያ ዓይነት መኪና ከፋብሪካው ሲወጣ የኋላ ዘንጉ በሁለት ቦታ እንዲታጠፍ ሆኖ ተሻሽሎ ነበር። ከዚህም ሌላ የራሊ መኪና ውስጡ በብረት ምሰሶ ይታጠራል፤ ነጂው የራስ ቁር ይደፋል፤ ፍጥነት የሚለካበትም መንገድ ለሌላው ይዘጋል። ከሁሉም በላይ፥ ከነጂው አጠገብ የመንገዱን ኩርባ አስቀድሞ ጽፎ የያዘና እያነበበ የሚነግረው ረዳት ይቀመጣል። ነጂው ያን ድምፅ ካልሰማ፥ የሞተሩ ጉልበት የሚጠቅመው ቶሎ ገደል ለመግባት ብቻ ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ረዳት ከጎኔ ነበረኝ፤ መንገዱንም መኪናዪቱንም በቃሉ የሚያውቅ። አልሰማሁትም።

ያች የሕዝብ መኪና፥ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፥ የመጨረሻዋ በ2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጥታለች። የእኛይቱ ግን ዛሬም ትሄዳለች። የአባቴ ክንድ ቢድንም ማርሽ ሲያስገቡ ስለሚያማቸው፥ ሠላሳ ዓመት የያዙትን መሪ ለእኔ ትተውልኛል። እሑድ እሑድ ከጎኔ ይቀመጡና «ኩርባ መጣ» ይሉኛል። እኔም አስቀድሜ እግሬን ቀስ ብዬ አነሣለሁ።

አንባቢ ሆይ፤ አንተም መኪና የገዛህ ዕለት፥ ከጎንህ የሚቀመጠውን ሰው ስማ።