መሪው ሲንጋደድ

አላይመንት ያሠራነው መኪና ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ግን ወደ ግራ ተንጋዶ ሊቀር ይችላል። ጎማዎቹ እርስ በርስ ተስማምተዋል፤ ከመሪው ጋር ግን አልተስማሙም። አቋራጩ መሪውን ነቅሎ አቅንቶ መግጠም ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ከሥር ያለው ግን እንደ ነበረ ነው። ጥሩ ባለሙያ መሪውን መሃል ላይ አስሮ፣ በሁለቱም ጎማ በኩል ያሉትን የመሪ ዘንጎች በእኩል መጠን፣ አንዱን እያስረዘመ ሌላውን እያሳጠረ ያስተካክላል። ወደ መሪው የሚመጡት ጎማዎቹ ናቸው።

በገላትያ ምዕራፍ 2 የአንጾኪያን ነገር ስናነብ ይህ ይታየናል። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ፤ በርናባስ እንኳ ተሳበ። እምነቱ አልተለወጠም፤ የዘመመው እግሩ ነው። ጳውሎስ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ራሱ በእግር ቀጥ ብሎ መሄድን ያመለክታል። ለታላቁ ሐዋርያ ክብር ሲባል ወንጌሉን ጥቂት ዘወር ማድረግ ይቻል ነበር፤ እኛም በጉባኤያችን ለሚከበር ሰው ስንል በዚህ እንፈተናለን። ጳውሎስ ግን በሁሉ ፊት ተናገረው፤ ከአሕዛብ የመጡት ወንድሞች ማዕዱ ላይ ለብቻቸው ቀርተው ነበርና።