ማሽኑ አልነሳ ሲል

ዛሬ ስለ ክላውድ ነው የምጽፍላችሁ። እኔ ማኅበራዊ ሠራተኛ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ግን እዚህ ቤር ሼቫ አንዳንድ ወጣቶቻችን ማታ ማታ ይህንን ይማራሉ፣ ችግሩም ዞሮ እኔ ዘንድ ይመጣል።

ከሮሽ ሃሻና በፊት አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ ማሽኑ አልነሳ ብሎት ይኸው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም» አሉኝ። ጎረቤታቸው የልብስ ማጠቢያው መስሏት ጠጋኝ ልካላቸው ነበር!

ልጁን ያስጨነቀው የኮርሱ የመጨረሻ ሥራ ያለበት ቨርቹዋል ማሽን ነው። ይኼ ከትልቅ ሰርቨር ላይ ተከፍሎ የሚከራይ ኮምፒውተር ነው፤ ቤት ውስጥ የለም፣ በኢንተርኔት ነው የሚያዙት። ልጁ ሊሰርዘው፣ ኮርሱንም ሊተወው ቆርጦ ነበር።

ከእኛው ልጆች አንዷ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለው የቴክኖሎጂ ፓርክ ትሠራለችና ደወልንላት። ገና ስትሰማ «እንዳትሰርዘው!» አለችው። ማሽኑ ሲሰረዝ የሚነሳበት ዲስክ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል፤ የልፋቱ ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ቀጥላ «የት ላይ ነው የቆመው?» ብላ ጠየቀችው።

ለካ አለመነሳትም ዓይነት አለው። አንዳንዴ የተፈቀደልህ ኮታ ሞልቶ ነው፤ ይጨመርልኝ ብለህ ታመለክታለህ። አንዳንዴ ኮታው እያለ ቦታ ይጠፋል። ገንዘብ ለመቆጠብ ማታ ያጠፋኸው ማሽን ቦታውን ይለቃል፣ ጠዋት ስትመለስ ሌላ ሰው ይዞት ታገኛለህ። ጎግል በ2022፣ አማዞን በ2023 እዚህ እስራኤል የከፈቷቸው ማዕከሎች ሦስት ሦስት ዞን አላቸው። አንዱ ሲሞላ ሌላውን ዞን ወይም ሌላ መጠን ያለው ማሽን መሞከር ነው፤ ካልሆነም ቆይቶ መመለስ።

የልጁ ግን ከእነዚህ አልነበረም። ስክሪኑ «እየሠራ ነው» ይላል፣ ሊገባበት ሲል ዝም። ማሽኑ ሲነሳ የሚናገረው ሁሉ የሚጻፍበትን ሲሪያል ኮንሶል አስከፈተችው። ነገሩ ወጣ፦ ወጪ ለመቀነስ ብሎ አንድ ትርፍ ዲስክ ነቅሏል፣ ኤፍኤስታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ ግን ስሙ እንዳለ ነው። ማሽኑ የሌለውን ዲስክ 90 ሰከንድ ይጠብቅና እዚያው ይቆማል። (የማይመጣ ሰው መጠበቅን እኛ እናውቀዋለን።)

ማሽኑን አጠፋው፣ የዲስኩን ቅጂ ያዘ፣ ዲስኩን ነቅሎ ጤነኛ ማሽን ላይ እንደ ተጨማሪ ሰካው፣ ያቺን አንድ መስመር አወጣና መለሰው። ተነሳ። እናቱ እልል አሉ፤ ምን እንደተነሳ ግን እስካሁን በደንብ አልገባቸውም።

በሥራዬ እንደማየው ልጆቻችን ኮርስ የሚያቋርጡት ጭንቅላት አጥተው አይደለም፤ በሌሊት የሚደውሉለት ሰው አጥተው ነው። እኔ በ1991 ልጅ ሆኜ ስመጣ ከየሚስራዱ የሚላከውን ደብዳቤ ለወላጆቼ አነብ ነበር። ለእኔ የሚያነብልኝ ግን አልነበረም።

እናቶች፣ ልጁ ሲበሳጭ «የት ላይ ቆመ?» በሉት፤ ባይገባችሁም ያስረዳችሁ። በዚህ ሙያ ያላችሁ ደግሞ፣ ማታ ስልክ የምታነሱ ከሆነ በግል ጻፉልኝ። አሁን ሦስት ልጆች እየጠበቁ ነው።