ሳይጠይቁ ደግ መሆን

ደግ ሰው መሆን ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ደግነት ብቻውን ሰውን ከጥፋት አያድንም፤ ዕውቀት ሊቀድመው ይገባል። ይህን ለማስረዳት ከአንድ የቴሌቪዥን ቀልድ ምሳሌ ባመጣ ወጣት አንባቢዬ አይታዘበኝ፤ ብዙ ዘመን ሳስተምር እንዳየሁት፣ ተማሪ የሳቀበትን ትምህርት ቶሎ አይረሳም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1982 ዓ.ም. የታየ፣ ሂዩ ዊልሰን የተባለ ደራሲ የፈጠረው ተከታታይ የቀልድ ድርሰት አለ። ታሪኩ የሚፈጸመው በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ፣ ደብልዩ ኬ አር ፒ በተባለ ኪሣራ ባደከመው ልብ ወለድ የራዲዮ ጣቢያ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ካርልሰን ይባላሉ፤ ጣቢያው የእናታቸው ሀብት ነው። እኒህ ሰው ክፋት የለባቸውም፤ ለሠራተኞቻቸውም ይራራሉ። ጉድለታቸው አንድ ሐሳብ ሲመጣላቸው የሚያውቀውን ሰው ሳይጠይቁ መነሣታቸው ነው።

አሜሪካኖች የምስጋና ቀን በሚሉት በዓል ተርኪ የተባለውን ትልቅ ወፍ ይበላሉ። አቶ ካርልሰንም ሕዝቡን ላስደስት፣ ለጣቢያውም ስም ላትርፍ ብለው፣ በሕይወት ያሉ ተርኪዎችን በሄሊኮፕተር አስጭነው ከአንድ የገበያ ሥፍራ በላይ አስለቀቁ። የዱር ተርኪ ጥቂት ርቀት ይበራል፤ ለሥጋ የሚረባው ግን ከክብደቱ የተነሣ አይችልም። ወፎቹ እንደ ድንጋይ ወረዱ፤ ሕዝቡም ሸሸ። ተመልካቹ አወዳደቃቸውን አያይም፤ የጣቢያው ዜና አቅራቢ ከሥፍራው ሆኖ በድንጋጤ ሲተርክ ብቻ ይሰማል። እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን አንድ ወፍ አርቢ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቃል ይቀር ነበር።

በዚያው ድርሰት ሳቅ የቆመበት ክፍልም አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 3 ቀን 1979 ዓ.ም. በእውነተኛይቱ ሲንሲናቲ፣ ዘ ሁ የተባሉትን የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ለመስማት የመጣ ሕዝብ በአዳራሹ በር ላይ ተጋፍቶ 11 ሰዎች ሞቱ። አብዛኛው ትኬት የመቀመጫ ቁጥር ስላልነበረው ቀድሞ የገባ ከፊት ይቆም ነበር፤ የተከፈቱት በሮችም ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ ሕዝብ መካከል ሰው ሊገድል የመጣ አልነበረም፤ ሁሉም ለደስታ የመጣ ነው። በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደራሲዎቹ ይህንኑ መከራ በድርሰቱ ውስጥ አስገቡት። አቶ ካርልሰን ልጃቸውን ይዘው ወደዚያ ሄደዋል፤ ዝግጅቱን በራዲዮ ያስተዋወቁት ሠራተኞችም በማግሥቱ አዝነው፣ የእኛስ ድርሻ ምን ነበር ይላሉ። ከተማይቱም መቀመጫ ያልተለየለትን ትኬት በዚያው ወር ከለከለች፤ ክልከላውም እስከ 2004 ዓ.ም. ጸንቶ ቆየ። የበሩ ጉዳይ በብርቱ የተጠየቀው ከሞቱ በኋላ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ለታመመ ጎረቤት መድኃኒት ስትሰጡ፣ በጠባብ አዳራሽ ብዙ ሰው ለበዓል ስትጠሩ፣ ወይም ጓደኛችሁን ወደ ሩቅ አገር ሥራ ስትልኩ፣ ልባችሁ ንጹሕ ነውና ምንም አይደርስም አትበሉ። መድኃኒቱን የሚያውቀውን፣ በሩን የሚጠብቀውን፣ አገሩን ያየውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አባቶቻችን መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ያሉት ለዚህ ነው። በቀልዱ የወደቀው ወፍ ነበር፤ በበሩ ላይ የወደቀው ግን የሰው ልጅ ነው።