ከአዳማ አሰላ፣ በሊትር ስንት?

አዳማ የሚኖር ሰው የትም ቢሄድ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ብዙዎቻችሁ ናዝሬት እያላችሁ የምታውቋት ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ በ1,600 እና በ1,700 ሜትር መካከል ትገኛለች። አዲስ አበባ 2,300፣ አሰላ ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ ናቸው። በወለንጪቲ በኩል መተሐራ ከወረዳችሁ ከ1,000 ሜትር በታች ትደርሳላችሁ። ለሜዳ የቀረበ መንገድ የሚፈልግ ሰው በሞጆና በመቂ አድርጎ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ይሂድ።

ስለዚህ "መኪናህ በሊትር ስንት ይሄዳል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ "ወዴት?" የሚል ነው።

የእኛ መኪና አሮጌ ሱዙኪ ቪታራ ናት። ሞተሯ 1.6 የቤንዚን ነው፤ ሲያስፈልግ በአራቱም ጎማ ትጎትታለች። ሥራዋ በአብዛኛው ልጆቹን አያታቸው ዘንድ አሰላ ማድረስ ነው። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አዋሽን ተሻግሮ በዴራና በኢተያ በኩል ይወጣል። ረጋ ብለን ስንነዳ ሽቅብ በሊትር 9፣ ቁልቁል 12 ተኩል ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። መኪናዋም ያችው፣ ሾፌሩም ያው፣ ቀኑም ያው ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከነተሳፋሪዎቿ 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 800 ሜትር ወደ ላይ ከፍ ለማድረግ ብቻ ከ1 ሊትር በላይ ቤንዚን ይነዳል። ስትወርድ ከዚያ የተወሰነውን ታስመልሳለች፤ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ግን ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እንግዲህ ወርዶ ብቻ የሚለካ ሰው መኪናው በአየር የምትሄድ ይመስለዋል፤ ወጥቶ ብቻ የሚለካ ደግሞ ሊሸጣት ይነሳል። ትክክለኛው ልክ ደርሶ መልሱ ነው። ማደያ ገብታችሁ ፉል አስሞሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ ሄዳችሁ ተመለሱ፣ እዚያው ማደያ እንደገና ፉል አስሞሉ። የተጓዛችሁትን ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ጊዜ ለገባው ሊትር አካፍሉት። የእኛ 10 ተኩል ይመጣል።

ይህ ቁጥር በራሱ አልመጣም። ቀድሞ 8 ተኩል ነበር፤ ለውጡን ያመጡት ጥቂት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ፖርቶ መጋላ ነው። ባዶውንም ቢሆን ነፋስ ይይዛል፣ ስለዚህ ዕቃ በማንጭንበት ጊዜ አውርደነዋል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ኮረብታው ላይ የምታዩዋቸው ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ያለ ነገር አይደለም። ያ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ቤንዚኑን እናንተ ትከፍላላችሁ።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። በሰዓት ከ90 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስትጨምሩ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚገፋት አየር 80 በመቶ ያህል ይጨምራል። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ይህ የሚያተርፍላችሁ 13 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የአራት ጎማው ነገር ነው። በእንደኛ ዓይነቱ መኪና የፊት ጎማዎችን የሚያስገባው ማርሽ ለጭቃና ለአሸዋ የተሠራ ነው። ክረምት በመቂ ዙሪያ ወደ ሽንኩርትና ቲማቲም ማሳዎች ሲገባ ያስፈልጋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ቤንዚን ይበላል፣ ጎማ ይጨርሳል፣ ማርሹንም ያስጨንቃል።

አራተኛው የጎማ ነፋስ ነው። መለካት ያለበት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። የላላ ጎማ ከባድ ነው፤ መኪናዋን በየሜትሩ ይጎትታታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቁልቁለት ላይ ለቁጠባ ብላችሁ ፎሌ አታድርጉ። ኢንጀክተር ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ እግራችሁን ከቤንዚኑ ላይ ካነሳችሁ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ ፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ከዚያም በላይ የመኪናዋ ክብደት ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ እምቢ ይላል። ከአሰላ ስትወርዱ ከኋላ የተቀመጡት የልጅ ልጆች መሆናቸውን አስቡ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አሰላ ደርሶ መልስ 150 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 8 ተኩል ስትሄድ ወደ 17 ተኩል ሊትር ትጠጣ ነበር፤ በ10 ተኩል ግን ከ14 ትንሽ ቢበልጥ ነው። በየጉዞው ከ3 ሊትር በላይ ይተርፋል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ 3 ሊትር የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን በብር አልቆጥረውም። አምስት ጊዜ እንሄድበት በነበረው ቤንዚን አሁን ስድስት ጊዜ እንሄዳለን።

እናቴ ስለ ሊትር አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። የምታውቀው ልጆቹ ቶሎ ቶሎ መምጣታቸውን ነው። ስንመለስ አንድ ጆንያ ገብስና ድንች ታስጭነናለች፤ ደግነቱ የሚጫነው ቁልቁል ስንወርድ ነው።